ሦስቱ መዘግየቶችና የጎረቤት ኃይል

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም በአንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር የተደረገ ንግግር)

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቻችን! እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን ሰላምታ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ» እንላለን። በሬ ይስጥልኝ፣ ብር ይስጥልኝ አንልም። ጤና ከሌለ በሬውም አይጠመድም፣ ብሩም አይበላም። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ጤና ነው። ሰው ሲታመም፣ እናት ስትወልድ ጎረቤት ምን ማድረግ ይችላል? ሕክምናው ለሁሉም እንዲደርስ ምን እናድርግ? ወጪው እንዲቀልስ? ሐኪሙም ርኅሩኅ እንዲሆን የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ይህን እንነጋገራለን። ንግግሩ በጽሑፍም ይደርሳችኋል። ያኔ ዝግ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

በሽታ ብዙ ነው፤ ሁሉንም ዛሬ አንጨርሰውም። አንዱን ጉዳይ እንውሰድ። ወሊድን እንውሰድ።

ወሊድ በሽታ አይደለም። ነገር ግን አደጋ ሊመጣበት ይችላል። አደጋው ሲመጣ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከወለደች በኋላ ደም በኃይል የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ገደማ ልትሞት ትችላለች። ሁለት ሰዓት ስንት ነው? ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ አይበልጥም።

የጤና አዋቂዎች እናቶች ለምን እንደሚሞቱ መረመሩ። ሦስት መዘግየቶችንም አገኙ። ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ።

አንደኛው መዘግየት ቤት ውስጥ ነው። ወደ ሕክምና ለመሄድ ቶሎ አለመወሰን ማለት ነው።

ሁለተኛው መዘግየት መንገድ ላይ ነው። ተወስኖ ሳለ ቶሎ አለመድረስ ማለት ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። ደርሳ ሳለ ቶሎና በደንብ አለመታከም ማለት ነው።

ቤት፣ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ ቤት

ቤት ውስጥ ለምን ይዘገያል? አንዱ ምክንያት ምልክቱን አለማወቅ ነው። እነዚህን ምልክቶች እንወቅ። ደም መፍሰስ አደጋ ነው። ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ አደጋ ነው። መንቀጥቀጥ አደጋ ነው። ብርቱ ትኩሳት አደጋ ነው። ከሕፃኑ ጭንቅላት በፊት እጅ፣ እግር ወይም እትብት ከወጣ አደጋ ነው። ምጥ ይዟት ፀሐይ ወጥታ ከጠለቀች፣ ማለትም 12 ሰዓት ካለፈ፣ አደጋ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» ማለት የለም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ምልክት ሳይጠብቁ ከመጀመሪያውም ጤና ጣቢያ መውለድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፈቃድ መጠበቅ ነው። ባል ከገበያ እስኪመለስ ይጠበቃል። አማት ደግሞ «እኔ ዘጠኝ ልጅ የወለድኩት እዚሁ መደብ ላይ ነው» ይላሉ። እማማ፣ ዘጠኙ በሰላም መወለዳቸው ፈጣሪ ይመስገን። ነገር ግን አብረዎት አርግዘው ዛሬ የሌሉትን ያስታውሱ። እነሱም መደብ ላይ ነበር የወለዱት። ስለዚህ ባልና ሚስት ገና ሆዷ ሳይገፋ ይነጋገሩ። «እኔ ባልኖርም ሂጂ» ይበላት። ይህችን ቃል ጎረቤት ሁሉ ይስማት።

ሦስተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። «እህሉ ይሸጥና እንሄዳለን» የሚል አባት አለ። እህሉ እስኪሸጥ ምጥ አይጠብቅም። ደግሞም ይህን እወቁ፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ያለ ክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የሕፃናት ክትባትም፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም እንዲሁ ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ ቤቱ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ለሌላው በሽታስ? ለሳንባ ምች፣ ለስብራት፣ ለጨጓራ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ እድራችንን እናስብ። ሰው ሲሞት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል። ንፍሮ ይቀቅላል። ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ይህ ጥሩ ባህላችን ነው። ታዲያ ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለመዳንስ ብናዋጣ ምን ይለናል?

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው ይኸው ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አባል የሚሆነው መላው ቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ይከፈላል። ብዙ ቦታ የሚሰበሰበው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ በእጅ ገንዘብ ሲኖር ነው። መጠኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የእናንተን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ። መክፈል ለማይችል ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ማን ድኻ እንደሆነ የሚለየው ግን ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ስም ሲመዘገብ ዝም አትበሉ። ጧሪ የሌላቸውን አሮጊት፣ ልጅ ይዛ የቀረችውን እናት አስመዝግቡ።

አባል የሆነ ሰው መታወቂያውን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ወረቀት ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው ሊከብደው ይችላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአንድ ሰው የሕክምና ዕዳም እንደዚሁ ነው። አንዱ ብቻውን ሲሸከመው በሬ ያሸጣል። ሁሉም ሲካፈለው አይታወቅም።

ነገር ግን «ዘንድሮ አልታመምኩም፣ ገንዘቤ ባከነ» ብሎ የሚወጣ ሰው አለ። ወንድሜ፣ የእድር ከፍለህ ሰው ስላልሞተብህ ትቆጫለህ? ያንተ ገንዘብ የጎረቤትህን ልጅ አድኖ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የእሱ ገንዘብ ያንተን ልጅ ያድናል።

እውነቱን ለመናገር ችግርም አለ። አባል ሆኖ ከፍሎ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው ያዝናል። ማዘኑም ትክክል ነው። ታዲያ አዝኖ ከመውጣት ደረሰኙን ይያዝ። የተጻፈለትን የመድኃኒት ወረቀት ይያዝ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ያንሣው። ለዚህ መላ ያበጁ ወረዳዎች አሉ፤ ከመድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ይገባሉ። አንድ ሰው ሲጮኽ ጩኸት ነው። አርባ አባወራና እማወራ አርባ ደረሰኝ ይዘው ሲመጡ ግን ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፦ መንገድ

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ተሠራ፤ ሁለት ሠራተኞችም ተመደቡ። አብዛኞቹ የአገር ልጆች የሆኑ ሴቶች ናቸው። ይህ ሕክምናን ወደ ቤት አቀረበ። ሆኖም ከጤና ኬላ እስከ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል መንገድ አለ። አምቡላንስ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን አምቡላንስ የሚደርሰው የመኪና መንገዱ እስከሚደርስበት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዳገትና ወንዝ የእኛ ነው።

ለዚህ አባቶቻችን መላ ነበራቸው፤ ቃሬዛ። ሁለት ረጅም እንጨት፣ በመካከሉ ጠፍር፣ ከላዩ ጋቢ። በብዙ ገጠሮቻችን የቃሬዛ ማኅበር አለ። ጥሪ ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። የቀረ መቀጮ ይከፍላል። ተራ በተራ እየተቀባበሉ ዳገቱን ያወጡታል። ይህ ሕዝብ ራሱ ያቋቋመው አምቡላንስ ነው።

ቃሬዛ በሌለበት ሰፈር ይቋቋም። ባለበት ይጠንክር። እንዴት? ተሸካሚዎች በስም ይጻፉ። የትኛው ሳምንት የማን ተራ እንደሆነ ይጻፍ። ቃሬዛው የት ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይወቅ። ጠፍሩ በየጊዜው ይታይ፤ የበሰበሰ ጠፍር መንገድ ላይ ይከዳል። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ትልቅ ሆኖ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርም 907 ነው። ቀድሞ ከተደወለ አምቡላንሱና ቃሬዛው መንገዱ አፍ ላይ ይገናኛሉ።

ከዚህም የሚሻል አለ። መንገዱን አስቀድሞ መጨረስ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የእናቶች ማቆያ አለ። ቤቷ የራቀ ወይም ችግር ያሠጋት ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ እዚያ ትቆያለች። ምጥ ሲይዛት ዳገት አትወጣም። ግቢውን ተሻግራ ትገባለች።

ይህ ምን ጠቀመ? በጉራጌ ምድር፣ ከወልቂጤ አቅራቢያ፣ አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ። ማቆያ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከ1979 እስከ 2000 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እዚያ የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶች መዝገብ ተመረመረ። ማቆያው ውስጥ ሰንብተው ከወለዱት ከ1,000 እናቶች መካከል የሞቱት አንድ እንኳ አይሞሉም። ሳይሰነብቱ በቀጥታ ከመጡት ከ1,000 መካከል ግን የሞቱት 13 ያህል ናቸው። በቀጥታ ከመጡት መካከል ነገሩ ከከበደ በኋላ፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው የደረሱ ነበሩ። ቁጥሩ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። ሐኪሙ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፤ የተለየው የመድረሻው ጊዜ ነው።

«ታዲያ እናቶች ለምን ማቆያ አይገቡም?» ትሉ ይሆናል። መልሱን እናቶች ያውቁታል። «ልጆቼን ማን ያበላልኛል? ላሚቱን ማን ያልባል? እዚያስ ምን እበላለሁ?» ይላሉ። እንግዲህ የጎረቤት ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንዷ ልጆቹን ትያዝ። ሌላዋ እንጀራ ትጋግር። አንዱ ከብቱን ከከብቱ ጋር ያሰማራ። ሴቶች ተሰብስበው ለማቆያው በየተራ ዱቄት፣ ሽሮና እንጨት ያዋጡ። በአንዳንድ ቦታ ይህ እየተሠራ ነው። ገንፎው ማቆያው ውስጥ ሲገነፋ፣ የቡናው ጢስ ሲወጣ እናቲቱ ቤቷ ያለች ይመስላታል።

ሦስተኛ፦ ጤና ጣቢያ

አሁን ደግሞ እናቲቱ ደርሳለች እንበል። ሦስተኛው መዘግየት የሚጠብቃት እዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንዲት እናት ሌሊት በቃሬዛ ተወስዳ አንድ ጤና ጣቢያ ደረሰች። አዋላጇ «እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» ብላ ተቆጣቻት። በምጥ ስትጮኽ «ዝም በይ!» አለቻት። ባሏ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ የመለሰለት ሰው አልነበረም። ልጁ በሰላም ተወለደ። ሁለቱም ዳኑ። ነገር ግን ያቺ እናት ለሁለተኛው ልጇ ጤና ጣቢያ አልሄድም አለች። «ከሚሰድቡኝ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል» አለች። ይህን ሲሰሙ የሰፈሩ ሌሎች ሴቶችም ቀሩ። አያችሁ? ክፉ ቃል አንዲት ሴት ላይ ተናግሮ አያበቃም። የሰፈሩን መንገድ ይዘጋል። ስድብ ራሱ መዘግየት ነው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣው ዕቅድ ውስጥ ባለሙያው ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ትልቅ ዓላማ አድርጎ ይዞታል። ስለዚህ በአክብሮት መታከም መብታችሁ ነው። ምን እንደታመማችሁ በሚገባችሁ ቋንቋ መጠየቅ ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። ገላችሁ በመጋረጃ እንዲሸፈን መጠየቅ ትችላላችሁ። በብዙ ወረዳዎች ሕዝቡ ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት አሠራርም አለ። እኔ መምህር ነኝ። ለተማሪ ነጥብ መስጠት ሥራዬ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ተማሪውን ለማሳፈር ሳይሆን የት ላይ እንደደከመ እንዲያውቅ ነው። ለጤና ጣቢያም እንደዚያው ነው። በስብሰባው ቀን አትቅሩ። ያየነውን ክፉ እንናገር። ያየነውን ደግም እንናገር።

ደግሞ ፍርድ ሚዛን ያሻዋል። ያቺ አዋላጅ ሌሊቱን ብቻዋን ነበረች። ከእሷ በፊት ሁለት ወላዶች አዋልዳለች። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ይህ ስድቧን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን መንገዱን ያሳየናል። ውኃው እንዲገባ አብረን እንቆፍር። ግቢው ሲፈርስ አብረን እንጠር። ከሩቅ አገር ተመድባ ለመጣች ባለሙያ ቤት እናከራያት፤ በበዓል ቀን ቡና እንጥራት። ደግ ሥራ ስትሠራ «እጅሽ ይባረክ» እንበላት። ዘመድ ያደረግናት ሐኪም አትቆጣንም።

ርኅራኄ ምን ያህል እንደሚሠራ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። ምጥ ለቀናት ሲጎተት የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ተጭኖ ይጎዳዋል። በሽንት ፊኛዋ በኩል ቀዳዳ ይፈጠራል። ሽንቷም ሳትፈልግ ይፈስሳል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። በሽታው በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ግን ስንቷ እናት በሽታው ተሸክሟት፣ ሰው ሸሽቷት ጓዳ ተደብቃ ኖራለች! ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነዚህን ሴቶች አይተው ዝም አላሉም። በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ሴቶቹንም ያለ ክፍያ አከሙ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኑሯቸውን ከእኛው ጋር አደረጉ።

ካከሟቸው ሴቶች አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበሩ። በልጅነታቸው ወልደው ፊስቱላ ደርሶባቸው መጡ። ሲሻላቸው አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎች ሕሙማንን ማጽናናት ጀመሩ። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምናውን እያዩና እያገዙ ተማሩ። በመጨረሻ ፊስቱላን የሚጠግኑ የታወቁ ባለሙያ ሆኑ። ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። ፊደል የቆጠሩት ደግሞ ካደጉ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። እንደ እናንተው ማለት ነው! የሸሸናት ሴት ስትከበር ምን እንደምትሆን ከዚህ እንማር። ሐኪሙን «ርኅሩኅ ሁን» ከማለታችን በፊት እኛም ሕመምተኛን አንሽሽ።

ማንበብ ምን ይሠራል?

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። በዓመቱ መባቻ ላይ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ሰዎች አልማ አታ በምትባል ከተማ ተሰብስበው ነበር። ሕዝብ የጤና አገልግሎቱን በማቀድና በመሥራት አብሮ የመሳተፍ መብትም ግዴታም አለው ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሁለቱ አንድ ላይ መሆናቸው ደስ ይለኛል። ጤናና ፊደል መንታ ናቸውና።

የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ «በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ የማይችል በአንድ ጊዜ ሦስቱን ይውጥ ይሆናል። የክትባት ካርድ ላይ ቀን አለ። የመድኑ መታወቂያ ላይ የሚታደስበት ዓመት አለ። ደረሰኝ ላይ የከፈላችሁት ገንዘብ አለ። እነዚህን ማንበብ ከቻላችሁ የጎረቤቶቻችሁም ዓይን ናችሁ።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በደብተራችሁ ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ በሰፈራችሁ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ስምና የመውለጃቸውን ወር ጻፉ፤ ራሳቸውን አስፈቅዳችሁ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙትን ስምንት ሰዎች ስም ጻፉ። ሦስተኛ፣ የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ጻፉ። ጽሕፈቱ ባያምርም ግድ የለም። ነገር ግን ትልቅና ግልጽ ይሁን፤ በሌሊት፣ በኩራዝ ብርሃን፣ በተጨነቀ ሰው የሚነበብ ነውና።

ሳምንት እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን።